የቻናል 61 ሌባ

ዓሣ ቤቱ ውስጥ ሰልፉ በር ደርሷል። መርፌ ሦስተኛዋ ናት። ክር አራተኛው ነው።

አልዞረችም። መዞር አያስፈልጋትም። የሚንት ማስቲካ የሲጋራን ሽታ እንደማይሸፍን ይህ ሰው በሃምሳ ዓመቱም አልገባውም።

«ሁለት የተጠበሰ የፐርች ዓሣ በነጭ ዳቦ» አለች። «የሚያቃጥለው ስጎ ይብዛበት።»

«የሚጠጣስ፣ እህቴ?»

«ይቅርብኝ።»

ቡናማውን የወረቀት ከረጢት ተቀብላ መስኮቱ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ሶፍት ለመሳብ እጇን ዘረጋች። ክር የገዛውን ድንች ይዞ መጣና ከረጢቱን ከጎኑ አስቀመጠ። የእሱን አንስታ ተቀመጠች። እሱም የእሷን አንስቶ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ።

ሦስት ሰከንድ።

እሷ በሰጠችው ከረጢት ውስጥ፣ ከዳቦው ሥር፣ አንድ ጥቅል ፊልም አለ። እሱ በሰጣት ውስጥ የሳምንት ክፍያዋ አለ። ክር ከቺካጎ የተላከ ነጭ ነው። ስሞቹን ያወጣው አለቃቸው ነው፤ መርፌ ትገባለች፣ ክር ይከተላል እያለ በገዛ ቀልዱ የሚንከተከት ሰው።

«ፊልሙ ምን ይዟል?» አለ ክር።

«የሰባት ወር ሒሳብ። ማን ማስታወቂያ አስነገረ፣ ማን ከፈለ።»

«አይበቃም።»

«ያዘዝከኝ ይኼን ነበር።»

«ሐሙስ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ሰዎች ከዱራም ይመጣሉ። አዲሱን ብድር ከፈረሙለት የጣቢያው ሽማግሌ የእኛን ደንበኛ ዕዳ አንድ ሳንቲም ሳያስቀር ይከፍላል።»

«ሰው ዕዳውን ቢከፍል ምን ይከፋችኋል?»

ክር ዓሣውን አላመጠ። «ደንበኛችን የቻናል 61ን ዕዳ ከባንክ የገዛው ገንዘቡን ፈልጎ መሰለሽ? የቴሌቪዥን ጣቢያውን ነው የሚፈልገው። አዲሱ ሊቀመንበር እንኳ ተገኝቷል። ከእናንተው ከጥቁሮቹ ነው፤ ቅር አይበልሽ።»

ቅር አላት። 

«ወንፊት አንድ ወረቀት አለ ይላል» ብሎ ቀጠለ። ወንፊት በጣቢያው ውስጥ ያለው ሌላው ጆሯቸው ነው። ማን እንደሆነ ለመርፌ አልተነገራትም። «ጥቅምት ላይ ሽማግሌው የልብ ኦፕራሲዮን ሲያደርግ ሥልጣኑን በሙሉ ለሌላ ሰው በጽሑፍ ሰጥቷል። ለሦስት ወር ጣቢያውን ያዘዘበት ሌላ ሰው ነው። ፈቃድ ሰጪው የዋሽንግተን መሥሪያ ቤት አልተነገረውም። ሳያስፈቅዱ ጣቢያን ለሌላ ማስረከብ ደግሞ ፈቃድ ያስነጥቃል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ከዋለ የዱራሞቹ ሐሙስ አይፈርሙም። ሽማግሌው አርብ ዕለት በሰጠነው ዋጋ ይሸጣል።»

«ፎቶ ላንሳው?»

«ፎቶ ይካዳል። ዋናውን አምጪ። ነገ እኩለ ቀን፣ አውቶቡስ መናኸሪያ።»

«ምን ላይ ነው የተጻፈው?»

ክር ሳቀ። «የቀብር ፕሮግራም ጀርባ ላይ። እነዚህ ሰዎችሽ ለሕግ ሰነድ እንኳ ወረቀት አይገዙም።»

ከረጢቱን ጨብጦ ወጣ። መርፌ ድንቹን አየችው። ስቡ ወረቀቱን አልፎ ጣቷ ላይ ደርሷል። 

*

ቶሌዶ የገባችው መስከረም ላይ ነው። አሁን በፈረንጆች አቆጣጠር የ1994 ሚያዝያ ነው። በዚህ ከተማ ዴልፊን ሩከር ትባላለች። ማስታወቂያዎች በስንት ሰዓት እንደሚተላለፉ የምትመዘግብ፣ የገባውንም ገንዘብ በደረሰኝ ጥራዝ ላይ የምታሰፍር ጸሐፊ ናት። ለምን እሷ እንደተላከች ግልጽ ነው። ነጭ ሰላይ እዚያ ቤት ቢገባ ኮቱን ሳያወልቅ ይታወቅበታል። ጥቁር ሴት ግን፣ ያውም ጆርጂያ የተወለደች፣ ያውም መዝሙሩን በቃሏ የምታውቅ፣ በገባች በሳምንቷ «እህት ሩከር» ተብላ ኬክ ተጋገረላት። አሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ኖራለች። እንደዚያ ኬክ ጉሮሮዋ ላይ የቆመባት ነገር የለም።

ጣቢያው ድሮ የሮለር ስኬቲንግ፣ የባለጎማ ጫማ መንሸራተቻ፣ አዳራሽ ነበር። ባለቤቶቹ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ፀጉር አስተካካይ፣ ነርስ፣ የመስታወት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ። ሃምሳ ሃምሳ ዶላር እያዋጡ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ አክሲዮን የገዙ ሰዎች ናቸው። የአክሲዮኑን ወረቀት በክፈፍ አስገብተው ሳሎናቸው ሰቅለውታል። አንድም ቀን ትርፍ አልበሉበትም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ማስታወቂያ አይሰጡትም፤ «ተመልካቾቻችሁ ገዢዎች አይደሉም» የሚል ደብዳቤ ፋይል ሙሉ አለ። መርፌ አንብባቸዋለች። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ስድብ ነው።

መሥራቹ ሚስተር ኢዜል ታሊቨር ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የመስታወት ፋብሪካ እቶን ሲያነዱ ኖረዋል። ሚስታቸው ኦፓል የማሰራጫው ቅድመ ክፍያ ሲጎድል የፀጉር ሥራ ቤቷን ሸጣ ሞላችው፤ ከዚያም ከሁለት ዓመት በፊት ሞተች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ኢዜል ራሳቸው ካሜራ ፊት ይቀመጡና የሳምንቱን ሟቾች ስም ያነባሉ። ቀብር አስፈጻሚዎቹ የሚያትሙትን ፕሮግራም፣ የሟቹ ፎቶ ያለበትን፣ ወደ ካሜራው ቀስ አድርገው ያስጠጋሉ። ከተማው በሙሉ ቆሞ ያያል። ያንን ሰዓት ቢሸጡት ጣቢያው እፎይ ባለ ነበር። «ለሞተ ሰው ደረሰኝ አልቆርጥም» ብለው እንቢ አሉ።

ያነበቧቸውንም አይጥሉም። ፊት ያለበት ወረቀት አይጣልም። ይህን እዚህ ሰፈር ማንም ለማንም አያስረዳም። የመርፌም እናት እንዲሁ ነበረች፤ መጽሐፍ ቅዱሷ በሙታን ፎቶ አብጦ መዝጊያው አይገጥምም ነበር።

ስለዚህ ያንኑ ዕለት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ መርፌ ሚስተር ኢዜል ቢሮ ወለል ላይ ተንበርክካለች፤ አሥራ አራት ካርቶን የቀብር ፕሮግራም ፊት ለፊቷ ነው። እሳቸው ፀጉር ቤት ሄደዋል። አርባ ደቂቃ አላት። ፊት፣ ጀርባ። ፊት፣ ጀርባ። ሦስተኛው ካርቶን ላይ ደረሰች።

በሩ ተከፈተ።

«እህት ሩከር?»

እጇ ካርቶኑ ውስጥ ነው።

አልተነሳችም። የተነሳ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል።

«ፀጉር ቤቱ ዝግ ሆኖብኝ ተመለስኩ» አሉ ሚስተር ኢዜል። ካርቶኑን አዩ፤ እሷን አዩ። ፊታቸው ለሰለሰ። «ማንን ነው የምትፈልጊው፣ ልጄ?»

«እናቴን» አለች። ከየት እንደመጣላት አታውቅም። «የሷ ጠፍቶብኛል። አንዳንዴ እዚህም የደቡብ ሰዎች ወረቀት ይመጣል ብዬ።»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። መሳቢያውን ሳቡ፤ ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው ከመሃሉ አንድ ወፍራም ወረቀት መዘዙ። አንድ ገጽ ብቻ ናት፤ ያን ጊዜ ለሁለት ገጽ የሚከፈል አልነበራቸውም። ኦፓል በሰማያዊ ባርኔጣ ትስቃለች።

«ሁለት ነው የቀረኝ። አንዱ እዚያ ግድግዳው ላይ ያለው፣ አንዱ ይኼ። ሆስፒታልም አብራኝ ተኝታ ነበር።» ገለበጡት። «እይው፣ ጀርባዋ ላይ ጽፌባት። ሌላ ወረቀት አጠገቤ አልነበረም። ሊቀድዱኝ ሊወስዱኝ በር ላይ ቆመዋል።»

መርፌ አነበበች። *እኔ ኢዜል ታሊቨር እስክድን ድረስ የጣቢያውን ነገር ሁሉ ለሬቨረንድ ሆሴያ ብራንትሊ ሰጥቻለሁ። የሚቀጥረውም የሚያሰናብተውም፣ የሚያስተላልፈውም የሚከፍለውም እሱ ነው። እሱ ያለው እኔ ያልኩት ነው።*

ሰባት ወር የፈለገችው ድክመት ይኸው። ባለቤቱ በገዛ እጁ አሳያት።

«ሬቨረንዱ ለሠራተኞቹ አሳይቶ ሊያስቀረው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አይሆንም አልኩት። ከፈለግህ ሌላ እጽፍልሃለሁ፣ ኦፓልን መልስልኝ። በኋላ ሲሻለኝ ሌላ መጻፍም አላስፈለገ።»

መናገር አልነበረባትም። «ሚስተር ኢዜል፣ ይህ ጽሑፍ ቢጠፋ ይሻልዎታል። የሐሙሶቹ ሰዎች ካዩት ክፉ ጥያቄ ያመጣል።»

«ወንድሜን ባምን ምን ጥፋት አለው?»

«ሕጉ ወንድም አያውቅም። ያቃጥሉት።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። አልተቆጡም። ያዘኑላት ነው የሚመስለው።

«እሷን ላቃጥል?» አሉ።

*

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ይህን አጥር የነቀነቀው ማን ነው? መርፌ ያንን ከሰዓት በኋላ ይህን ስታሰላ ዋለች።

ወረቀቱን ያየ ሰው ነው። ካዩት ሠራተኞች መካከል ደመወዝ ሲዘገይ ያልሄደ አንድ ነው፤ ቴክኒሻኑ ስኪተር። ሌላው የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር፣ ሬቨረንድ ብራንትሊ ራሳቸው ናቸው።

ስኪተርን ማሰራጫው አጠገብ አገኘችው። በሽቦ የታሰረ መነጽሩን አድርጎ በሌላ ሽቦ ሌላ ነገር ያስራል።

«ሚስተር ኢዜል ያንን የኦፓልን ወረቀት ቤት ወስደው ፍራሽ ሥር ከተቱት፤ ይጨማደድ የለ?» አለችው።

«ፍራሹ ራሱ ከእኔ ጋር እኩያ ነው» አለ ስኪተር። «ወረቀቱ ቢጨማደድ አይገርመኝም።»

ሬቨረንዱ ማክሰኞ ከሰዓት ስብከት ሊቀረጹ ይመጣሉ። ሽቷቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል። ለሁሉም ከረሜላ ያድላሉ።

«ወንድሜ ኢዜል እንዴት ዋለ፣ እህት ሩከር?»

«ደህና ናቸው፣ ሬቨረንድ። ብቻ እቃ አቀማመጥ ላይ አይሆንላቸውም። የኦፓልን ወረቀት የአሮጌ ካሴት መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት። አይጥ እንዳይበላው ፈራሁ።»

«እሱ ድሮም እንዲያ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፣ ጭንቅላቱ ግን መጋዘን» ብለው ሳቁና ከረሜላ ሰጧት።

ሁለት ሰው። ሁለት ውሸት። አሁን መጠበቅ ነው።

ረቡዕ በማለዳ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ያለው የሕዝብ ስልክ ጮኸ።

«መርፌ።»

«እሰማለሁ።»

«ፍለጋውን ወንፊት አቀለለልሽ። ካሴት መደርደሪያው ላይ ነው።»

ከረሜላው ኪሷ ውስጥ ነበር። አውጥታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ከዚህ በኋላ ለዚያ ሰውዬ አንቱታ የለም።

«ሌላም አለ» አለ ክር። «ስትወጪ የደረሰኙን ጥራዝ ጠረጴዛሽ ላይ ክፍቱን ተዪው። የጥቅምቱን ገጽ።»

«ለምን?»

«ደንበኛው ፈለገ። ለምን ማለት ደመወዝ የለውም።»

ዘጋው።

ጥራዙን ሰባት ጊዜ ፎቶ አንስታዋለች። አስልታው ግን አታውቅም። ሰላይ ይቀዳል፣ አያስብም። አሁን በሩን ዘግታ የተላለፈውን ማስታወቂያ በአንድ በኩል፣ የገባውን ገንዘብ በሌላ በኩል አስቀመጠች። ትንንሾቹ ባለሱቆች እሁድ ከአምልኮ በኋላ በጥሬው ነው የሚከፍሉት፤ ሽማግሌው ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ የሚቀበለው ብራንትሊ ነው። ሰኞ ጠዋት ድምሩን በቁራጭ ወረቀት ያመጣላታል። እሷ ጽፋ ትፈርማለች።

አርባ አንድ ሺህ ዶላር ጎደለ።

ከእያንዳንዱ የጎደለ ቀን ሥር የዴልፊን ሩከር ፊርማ አለ።

እሷ የተቀጠረችው መስከረም ላይ ነው። ስርቆቱ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይገጣጠምም። ለካ የተላከችው ወረቀት ልትሰርቅ ብቻ አይደለም፤ ሌባ ሆና እንድትገኝም ነው። የሌለች ሴት ሰረቀች ይባላል። ፖሊስ የሌለች ሴት ይፈልጋል። ብራንትሊ ደግሞ እንባውን እየጠረገ አዲሱ ሊቀመንበር ይሆናል። በዚያ ዓመት ሕጉ ጣቢያውን ለጥቁር ባለቤት ለሚሸጥ ሰው ግብር ያቀልል ነበርና የጥቁር ስም የሚከራይ ባለሀብት አልጠፋም። ስሙ በር ላይ ይለጠፋል። ቁልፉ ቺካጎ ይቀመጣል።

መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች። ክርን ጠላችው። ብራንትሊን ተጸየፈችው። መስታወቱ ውስጥ ያለችውንም ሴት ሁለት ጊዜ ልታያት አልፈለገችም።

ከዚያ አሰበች። ብራንትሊን ልታጋልጠው ትችላለች። ግን ገንዘቡን የመያዝ ሥልጣን እንደነበረው የሚያሳየው ያው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ከወጣ ፈቃዱም ይሄዳል። ዝም ብላ ልትጠፋ ትችላለች። ያኔ ወንፊት ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። መሳቢያው ቁልፍ የለውም፤ ሽማግሌውም አያቃጥሉትም። የዱራሞቹስ? አርባ አንድ ሺህ የት ገባ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ጉድለቱ ስም ይፈልጋል። ስም አላት። የእሷ ያልሆነ ስም።

ሚስተር ኢዜል ስቱዲዮ ሲገቡ ቢሯቸው ገባች። ከግድግዳው ላይ ኦፓልን አወረደች። ክፈፉን ከኋላ ፈትታ ወረቀቱን አወጣች። ጀርባው ባዶ ነው።

በር ላይ ኮቴ ተሰማ።

«ኦፓል የታለች?» አለ ስኪተር።

«መስታወቷ ቆሽሾ ላጸዳላት ነው።»

ስኪተር ባዶውን ሚስማር አየ። እሷን አየ።

ረጅም ጊዜ አየ።

«ድሮ እሷ ነበረች እኛን የምታጸዳን» ብሎ ሄደ።

ተቀመጠች። ያንኑ ቃል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከግድግዳው ባወረደችው ወረቀት ጀርባ ላይ በራሷ እጅ ጻፈች። የሽማግሌውን ጽሑፍ ለመምሰል አልሞከረችም። ከዚያ በጣቢያው ወረቀት ላይ ሌላ ጻፈች። *ከጥቅምት እስከ ጥር የጎደለውን ገንዘብ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንም አላገዘኝም። ዴልፊን ሩከር።* የደረሰኙን ጥራዝ እንደታዘዘችው የጥቅምቱን ገጽ ከፍታ ኑዛዜውን መሃሉ ላይ አኖረችው።

መሳቢያውን ሳበች። መጽሐፍ ቅዱሱ ስትከፍተው ራሱ እዚያው ገጽ ላይ ተከፈተ። ኦፓልን ወስዳ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተቻት።

ስቱዲዮውን አልፋ ስትወጣ ሚስተር ኢዜል በመስታወቱ በኩል እጃቸውን አነሱላት። እሷም አነሳች።

*

መናኸሪያው ውስጥ ክር ጋዜጣ ዘርግቷል። አጠገቡ ተቀመጠች። ፖስታው በጋዜጣው ሥር አለፈ።

ከፍቶ አነበበ። ከንፈሩ ፈገግ አለ።

ፈገግታው ቆመ።

«የሴት ጽሑፍ ይመስላል።»

የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ክሊቭላንድ እያለ ይጠራል።

«ልቡን ሊቀደድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጽሑፍ ነው» አለች። «አንተም እንደዚያ ሆነህ ጻፍና እናያለን።»

ገልብጦ ኦፓልን አየ። ባርኔጣዋን አየ። «እነዚህ ሰዎችሽ» አለና ራሱን ነቅንቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

«ጥራዙስ?»

«ክፍቱን ትቼዋለሁ።»

ይህችኛዋ እውነት ነበረች።

ክሊቭላንድ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ወረደች። ነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ የዴልፊን ሩከርን መታወቂያ ቆራርጣ ውሃ ለቀቀችበት። ሌላ አውቶቡስ ያዘች። ፍሪሞንት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የቻናል 61 ሞገድ ተዳክሞ በሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ፣ በሳምንት የሚከራይ ክፍል አገኘች። ለምን እዚያ እንደቆመች ራሷን አልጠየቀችም።

በዘጠነኛው ቀን ደወለች።

«ሬቨረንድ ብራንትሊ ነኝ፣ ይባረኩ።»

«ወንፊት» አለችው።

 ቀጥሎ የወንበር ሲጢጥታ፣ ቀጥሎ የበር መዘጋት ተሰማ።

«የት ነሽ አንቺ?»

«ሐሙስ ምን ሆነ?»

«ምን እንደሆነማ ታውቂያለሽ። የቺካጎው ጠበቃ መጥቶ ወረቀቱን ዘረጋው። የዱራሞቹ ኢዜልን ‹ይህ የአንተ ጽሑፍ ነው?› አሉት። ‹አይደለም› አላቸው። ከዚያ አንዱ ኑዛዜሽን ከጎኑ አኖረው። አንድ እጅ! ሌባዋ ጸሐፊ የፈጠረችው ወረቀት ነው ተባለ። ጠበቃው ቦርሳውን እንኳ በቅጡ ሳይዘጋ ወጣ።»

«ፈረሙ?»

«ፈረሙ» አለ። ቃሉ ሲወጣ ያመመው ይመስላል። «ዋናው የት ነው?»

«እኔ ጋ። ስምህ ያለበት። ከዛሬ ጀምሮ እሁድ የተቀበልከው ሁሉ ሰኞ ባንክ ይገባል። አንድ ዶላር ቢጎድል ወረቀቱ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም ባለአክሲዮኖች ደጅ ይደርሳል።»

«ያኔ ጣቢያውም ይዘጋል።»

«አንተ ግን በየትኛው በር ነው የምትወጣው?»

ትንፋሹ ከበደ። «እኔ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነኝ፣ እህቴ። ተፈትኜ ነው።»

«እሱን ለራሱ ንገረው» ብላ ዘጋች። ማስፈራሪያው ባዶ ነበር፤ ያንን ወረቀት ለማንም ልትልክ አትችልም። ስልኩን የያዘችበትን እጇን በቀሚሷ ጠረገችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት የፍሪሞንቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቴሌቪዥኑ ቻናል 61 ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ሚስ ጀኒቫ ሌላ እንዲከፈት አትፈቅድም። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን ጥሩ ነው።

ሚስተር ኢዜል የሳምንቱን ሰባት ሟቾች አነበቡ። ሰባት ፊት ወደ ካሜራው አስጠጉ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ብራንትሊ ከጎናቸው ተቀምጦ እጁን ትከሻቸው ላይ ጥሏል። ጣቱ ላይ ቀለበት ያበራል።

«አንድ ነገር ልናገርና ልጨርስ» አሉ ሽማግሌው። «እህት ሩከር፣ ካየሽኝ። ገንዘቡን ተዪው፣ ሆኗል፣ ችግር ኖሮብሽ ይሆናል። የግድግዳዋ ኦፓል ከጠበቆች ጋር ናት፣ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ያችኛዋን ግን፣ የመጽሐፍ ቅዱሴን፣ በፖስታ ላኪልኝ። ስምሽን አትጻፊበት። ማንም አይፈልግሽም፣ ቃሌ ነው። እሷን ብቻ።»

ብራንትሊ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

ሚስ ጀኒቫ ፎጣ እያጣጠፈች ምላሷን ጠቅ አደረገች። «ከሕያው ይሰረቃል። የሞተ ሚስት ፎቶ የሚሰርቅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ባገኛት ምራቄን ነበር የምተፋባት።»

«እኔም» አለች መርፌ።

ፖስታ ቤቱ እዚያው ጥግ ላይ ነው። ቴምብር ሠላሳ ሳንቲም አይሞላም። እጇ ደረቷ ላይ መሆኑን ያወቀችው በዚህ ጊዜ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ማቃጠል ነበረባት። የተማረችው፣ ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ክብሪት ይዛ ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ የእናቷ መጽሐፍ ቅዱስ ታወሳት። አሁን ግን እዚህ ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ ከቆየች ትልከዋለች። ብትልከው ሽማግሌው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡታል። መሳቢያው ቁልፍ የለውም። ብራንትሊ ከጎናቸው ነው።

«ክብሪት አለሽ፣ ሚስ ጀኒቫ?»

«ውጪ ወጥተሽ አጭሺ። ጭሱ ልብስ ውስጥ ይገባል።»

በጓሮ በር ወጣች። የቆሻሻ በርሜሉ ጀርባ ቆመች። ኦፓልን አወጣቻት። በላብ ትንሽ ረጥባለች። «ይቅር በይኝ» አለቻት፤ ለሌላ ሰው ብላው የማታውቀው ቃል ነው። ክብሪቱን ጫረች። መጀመሪያ ጽሑፉ ሄደ። ሰማያዊው ባርኔጣ ቆየ። ጣቷ እስኪለበለብ ድረስ አልለቀቀችም።

ከዚያ አመዱን በጫማዋ በተነችው።

ስትመለስ ቴሌቪዥኑ መዝሙር ይዟል። ሚስ ጀኒቫ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ልብስሽ ደርቋል» አለቻት። «ሰው እየጠበቀ ነው፣ ማሽኑን ልቀቂለት።»

መርፌ ለቀቀችለት። ልብሷን ከረጢት ውስጥ ከታ፣ ክብሪቱን ባንኮኒው ላይ መልሳ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን አውቶቡስ ልትጠብቅ ወጣች።